የሌለውን ፍሪሲዮን የረገጥኩ ዕለት

በሕይወቴ የተሳሳትኩት አንዴ ብቻ ነው ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ነገር ግን እኔ እያነበነብኩ ነው የምጽፈው፤ ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ገና «አንዴ» ከማለቴ ሳቋን ለቀቀችው። ስለዚህ እንዲህ ልበል፦ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሰው ረስቶልኛል፤ ይቺን ግን እኔ ራሴ መርሳት አቃተኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ታፈሰ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሹፌር ነኝ። ከመቱ ጎሬ፣ ከሁሩሙ ዳሪሙ፣ በኢሉባቡር ምድር ጎማዬ ያልገባበት ጭቃ የለም። ጡረታ ስወጣ መንግሥት መኪናውን ተረከበኝ፤ ኩራቱን መረከብ ግን ረሳው። ባለቤቴ ወደ ተወለደችበት ዳሪሙ ገብተን ከአባቷ በወረሰችው የቡና ማሳ ላይ መኖር ጀመርን። እኔ ከቡናው ይልቅ መንገድ ዳር መቀመጥ ይሻለኝ ነበር። ከሚያልፉት ጥቂት መኪኖች አንዷ ዳገቱ ላይ ስታቃስት ከሰማሁ፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ሁለተኛ አግባ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሁለተኛ አግባ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሹፌሩ አይሰማኝም። ሰፈሩ ግን ይሰማኛል። ጎረቤቶቼ ሥራ የዘገየበትን ሰው ሁሉ «ሁለተኛ አግባ» ማለት ጀምረው ነበር። እኔ እንደ ክብር ቆጠርኩት።

ባለቤቴ ብርቄ ትባላለች። እኔ ግን ስሟን አልጠራም፤ በልጃችን ስም «ሃዳ ሌንሳ» እላታለሁ፤ እሷም «አባ ሌንሳ» ትለኛለች። የሌንሳ እናት፣ የሌንሳ አባት እንደማለት ነው፤ የአገሩ ወግ ነው። በዚያ ዘመን ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ነበር። በመጀመሪያ «ቤቱ ጭስ ገባው» አለች። ቀጥላ «ዘንድሮ ጉሙ አልነሣም» አለች። በመጨረሻ ምንም ማለት ተወች፤ ግድግዳውን እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ከምንም በላይ የከበዳት ሰላምታ ነው። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ስሙን ጠርተህ፣ የከብቱን ጤና፣ የልጁን ጤና በየስሙ መጠየቅ አለብህ። እሷ ግን «አካም ቡልተኒ፣ ሃዳ ሌንሳ» ብለው እንዴት አደሩ ሲሏት፣ ድምፁን እስክታውቀው እየጠበቀች አንዳንዴ ለማን እንደመለሰች ሳታውቅ ትቀራለች። «ሰው የናቅኩት ይመስለዋል» ትለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ከጤና ጣቢያ አንድ ወሬ መጣ። ዓይን የሚያክሙ ሐኪሞች መቱ ሆስፒታል መጥተው ለአራት ቀን ብቻ ሞራ ሊገፍፉ ነው ተባለ። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ሃዳ ሌንሳን መዘገበቻትና ካርድ ሰጠቻት። የደረሳት የመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ ነው። «እትዬ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት እዚያ ይገኙ። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዳግም መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም» አለቻት። ሃዳ ሌንሳ ያን ካርድ በመሐረብ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ሌንሳ ጅማ ነው የምትኖረው። ነገሩን ስትሰማ ባሏን፣ ገመቹን፣ በአዲሱ መኪናቸው ላከችልን። አዲስ ስል ለእነሱ ነው፤ መኪናዋስ ከእነሱ በፊት ሁለት ሦስት ጌታ አይታለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ስትገባ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። ማርሽ ሲቀየር ሰማሁ፤ ሆኖም በመሃል አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች፤ እንደ ሰው ትንፋሽ። «ይሄ ልጅ ማርሽ አያውቅም» አልኩ በሆዴ።

ገመቹ ትሑት ልጅ ነው። ራት ሳይቀርብ በፊት መኪናዋን ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ሃዳ ሌንሳም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ፍሪሲዮን የላትም» አለኝ።

«ተሰብሮ ነው?»

«አይ፣ ሲሠሯትም ፔዳሉን አላደረጉላትም።»

«አውቶማቲክ ናት በለኛ!»

«አውቶማቲክም አይደለችም። ካምቢዮዋ ያው እርስዎ የሚያውቁት የማንዋል ካምቢዮ ነው። ፍሪሲዮኑም ውስጥ አለ። የሚረግጠው ግን እግር አይደለም፤ በመብራት የሚሠራ ፓምፕ ነው። ማርሹን የሚያስገባውም የሚያወጣውም እሱው ነው። እርስዎ በዘንጉ ይነግሯታል፣ ኮምፒውተሯ ፓምፑን ታዘዋለች፣ እሱም ይሠራዋል።»

«እኔ ታዲያ ለምንድን ነው የምቀመጠው? ለሚዛን?»

ሳቀና ዘንጉን አሳየኝ። ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት ማርሽ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይቀንሳል፤ ራሷ ትቀይር ካሉም ትታዘዛለች።

«ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ልዝለል ብልስ?»

«መዝለል የለም ጋሼ። በሦስተኛ በኩል ነው የሚያልፉት፤ አንድ በአንድ።»

«ይሄማ የቀበሌ ወረፋ ነው!»

«ሞተር ሲያስነሱ ደግሞ...» ብሎ ጀመረ።

እኔ ግን በቃኝ። አርባ ዓመት ሞተር ያስነሣሁ ሰው በአማቼ አስተማሪነት ልማር? «ጎማዋን ልይ» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከጀርባዬ ሃዳ ሌንሳ «ለእኔ ጨርስልኝ ልጄ፤ እሱ ጎማ ይይ» ስትለው ሰማሁ። እሱም ለዓይነ ስውሯ ጨረሰላት።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ተነሣሁና ቁልፉን እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ብነዳስ?» አለ ገመቹ።

«እንግዳዬ ነህ። እንግዳዬን ሹፌር አላደርግም። ትናንት ስትነዳ ውለሃል፤ ተኛ።»

አማች ደግሞ እኛ ዘንድ የሚስቱን አባት ሁለት ጊዜ እምቢ አይልም። አንዴ ይጠይቃል፤ ከዚያ ያጎነብሳል። እኔም ይህን ወግ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ለዚህም ነው የተጠቀምኩበት።

«ልጁ ከኋላ ቢቀመጥ ምን አለበት?» አለች ሃዳ ሌንሳ።

«ከኋላዬ ሆኖ ትንፋሼን ሊቆጥር ነው?»

ግቢያችን ቁልቁል ስለሆነ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ በሩ ደፍታ ነበር የቆመችው። እንዳትንሸራተትብኝ ፍሬኑን አጥብቄ ረገጥኩ፤ ቁልፉን አዞርኩ፤ እፍ ሳትል ተነሣች። «ሰማሽ?» አልኩ ለሃዳ ሌንሳ። «ይሄን ነው ሲያስተምረኝ ያመሸው!» ገመቹ በሩን ይዞልን ቆሟል። ስናልፍ አፉን ከፈት አደረገ፤ ወዲያው መልሶ ዘጋው።

መንገዱ ደርቆ ነበርና እየተደሰትኩ ነዳሁ። መኪናዋ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ለአፍታ ጉልበቷን ትለቃለች፤ ሁለታችንም እንደሚያንቀላፋ ዲያቆን ወደ ፊት ጎንበስ ቀና እንላለን። ግራ እግሬ ደግሞ አላረፈም። በእያንዳንዱ ቅያሬ ላይ የሌለውን ፍሪሲዮን ፈልጎ ባዶውን ወለል ይደልቃል።

«ምን ትረግጣለህ አባ ሌንሳ? አይጥ ገባ?»

«ልማድ ነው።»

«ምስኪን እግር! ጡረታ መውጣቱን አልነገሩትም?»

እንዲህ እየተቀላለድን መንገዱን አጋመስነውና ረጅሙ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደረስን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ያደግኩት የነዳጅ እጥረት ባሳደጋቸው ሹፌሮች መካከል ነው። በእኛ ዘመን ቁልቁለት ላይ ሞተር አስነሥቶ የሚወርድ ሹፌር አባካኝ ይባል ነበር። አፋፉ ላይ ስትደርስ ማርሹን ወደ ፎሌ ታወጣለህ፤ መኪናው ከሞተር ጋር ይፋታል፤ ቁልፉን ታጠፋለህ፤ በነጻ ትወርዳለህ። ከታች ስትደርስ ቁልፉን ትከፍትና ፍሪሲዮን ረግጠህ ሁለተኛ ታስገባለህ፤ ፍሪሲዮኑን ድንገት ስትለቀው ጎማው ራሱ ሞተሩን ያስነሣዋል። ጎሬ ቁልቁለት ላይ ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ! ለአማቼም ነዳጁን ቆጥቤ፣ ማታ «ለሄድኩት መንገድ ምን ያህል ትንሽ እንደጠጣች እይ» ልለው አማረኝ።

ዘንጉን ወደ ፎሌ አወጣሁ። ቁልፉን አጠፋሁ።

ጸጥ አለ። የወፍ ድምፅ ገባ።

«ምነው ዝም አለች?» አለች ሃዳ ሌንሳ።

«አረፍ እያለች ነው።»

መኪናዋ ፈጠነች። ፍሬኑን ነካ አደረግኩት፤ ታዘዘኝ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ጠጠር አለ። በሦስተኛው ድንጋይ ሆነ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን እንደሚደነድን አውቃለሁ፤ በድሮ መኪኖች ግን የሚያስፈራኝ አልነበረም፤ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩን ራሱን ፍሬን አደርገዋለሁ። ቁልፉን ከፈትኩና ዘንጉን ገፋሁት። ምንም። ሳብኩት። ምንም። ግራ እግሬ ወለሉን ደለቀ። መሪው ደግሞ እንደ በሬ አንገት ከበደኝ። አንድ ጭነት የተሸከመ አህያ ከፊታችን ነበር፤ አህያው ከእኔ ይልቅ ማሰብ ስለሚችል ጥግ ያዘ።

«አባ ሌንሳ፣ ነፋሱ በዛ።»

«መስኮቱን ዝጊ።»

«ዝግ ነው።»

በሁለት እጄ መሪውን አቅፌ፣ በሁለት እግሬ ያን ድንጋይ ፍሬን እየገፋሁ፣ እግዚአብሔርን በሹፌር ቋንቋ ለመንኩት። ከታች ወንዝ አለ፤ ጠባብ ድልድይ። እንዴት እንዳለፍነው አትጠይቁኝ። ማዶ ያለው ዳገት ተቀበለን፤ ወጣን፣ ወጣን፣ ደከምን፣ ቆምን፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ድልድዩን በቂጣችን ዳግም አለፍነው፤ የመጣንበትን ቁልቁለት ጥቂት ወጣን፤ ተመለስን። እንደ ዥዋዥዌ ተመላልሰን በመጨረሻ ድልድዩ ራስጌ ሜዳው ላይ ቆምን። የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጎተትኩት። የቆመች መኪና በጣም ቆመች።

«ደረስን?» አለች ሃዳ ሌንሳ።

«አልደረስንም።»

«ታዲያ ምን እናደርጋለን?»

«እያሰብኩ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ለሦስት ሰዓት ብዙ ጊዜ አለ፤ መቱ ከዚያ ቢበዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቶቹ በሩ፣ ፓምፑ «ዝዝዝ» አለ፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ግን አልተንቀሳቀሰም። ነዳጅ መስጫውን ደጋግሜ ረገጥኩና እንደገና አዞርኩ። ዝዝዝ። መሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የጫማ ሥዕል ትመስላለች።

«ጫማ ታሳየኛለች» አልኩ።

«ፍሬን ረግጠህ አስነሣ ብሏል ልጁ» አለች ሃዳ ሌንሳ፣ ረጋ ብላ። «ፍሬን ካልተረገጠ አትነሣም ብሏል።»

አሁን የመለስኩላትን መልስ ስሙ። አርባ ዓመት ያሠለጠነኝ መልስ ነው።

«መኪናዋ እኮ ቆማለች! የቆመን ነገር ማን በፍሬን ያቆማል?»

እንደገና ቁልፉን አዞርኩ። ዝዝዝ።

ይሄኔ አራት ገበሬዎች የማር ቅል ተሸክመው ከዳገቱ ወረዱ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ኦቦ ደበላ ይባላል፤ ለገበያ ከትናንት የተነሣ ጎረቤታችን ነው።

«ማል ታቴ፣ ጋሼ ታፈሰ?» አለኝ። ምን ሆነች ማለቱ ነው።

«ትንሽ ስፒንታ ትፈልጋለች» አልኩ። መገፋት ማለቴ ነው።

«ደበላ ነህ?» አለች ሃዳ ሌንሳ በመስኮቱ። «ይሄ ሰው ፍሬን ርገጥ ብለው እምቢ አለኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ሃዳ ሌንሳ ሹፌር ሆነች! በል ጋሼ፣ አንተ ውረድና እሷ ትንዳ!» አለ አንዱ። በዚያች ቅጽበት ያን ፍሬን ብረግጠው ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ነገር ግን አራት ሰው እያየኝ፣ ማየት የማትችል ሚስቴ ያለችኝን ልፈጽም? አልረገጥኩም።

«ዺባ!» አልኳቸው። ግፉ ማለት ነው።

ቅላቸውን አስቀምጠው፣ «ሆ! ዺባ! ሆ!» እያሉ ገፉ። መኪናዋ ሮጠች፤ ዘንጉን ገፋሁ፤ ጎማው በነጻ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እንደ ሟች ዝም። መልሰው ገፉ። ሦስት ጊዜ። ደበላ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ሁለተኛ አግባ እንጂ!» አለኝ፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ያልሳቀችው ሃዳ ሌንሳ ብቻ ነበረች። እነሱ ሲገፉ እኔ ቁልፉን ሳበራ ሳጠፋ፣ ፓምፑ ዝዝዝ ሲል፣ ቢጫዋ ጫማ እየደበዘዘች መጣች። ገበያ ይጠብቃቸዋል፤ ይቅርታ እየጠየቁ ቅላቸውን አነሡ። ደበላ ጎማው ሥር ታኮ እንዲሆን ትልቅ ድንጋይ አስደግፎልን «ጃባዹ»፣ በርታ ብሎኝ ሄደ።

ብቻችንን ቀረን። ሁለት ሰዓት ሆነ።

የሚያየኝ ሰው እንደሌለ አረጋገጥኩ። ሳል መጣልኝ፤ ሆን ብዬ ነው ያመጣሁት፤ እየሳልኩ ፍሬኑን ረገጥኩና ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ።

ሌላ ምንም የለም። አንዲት «ጠቅ» ብቻ። ባትሪው አልቋል።

«አሁን ረገጥከው አይደል?» አለች ሃዳ ሌንሳ።

«አዎ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት! እጇን ጡቷ ሥር አስገብታ መሐረቡን ነካችው፤ እዚያው መኖሩን አረጋገጠችና እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ስልክ አውጥቼ አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ዳገቱን ወጣሁ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቼ እንደ ካህን ዞርኩ። የለም። ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሳይ መኪናዋ ድልድዩ ራስጌ ላይ እንደ ጥንዚዛ ቁጭ ብላለች፤ በመስኮቷ የሃዳ ሌንሳ ነጭ ሻሽ ይታየኛል። እግሬ ሄዶ መቱ አይደርስ፤ እሷን ተሸክሜ አልችል፤ ጥያት አልሄድ። የሚመጣ ነገር ካለ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። አርባ ዓመት መኪና የለመደ ጆሮ የሰማው ንብ ብቻ ነው። ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ፀሐይዋ የት ደረሰች?» አለችኝ።

«ገና ናት።»

«ክንዴ ላይ ሞቃኛለች እኮ። አትዋሸኝ።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ይልቁንስ የጎረቤቶቻችንን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ልጆቻቸውን፣ ላሞቻቸውን መቁጠር ጀመረች፤ በድምፅ ሳይሆን በመልክ፤ እገሌ አፍንጫው እንዲህ፣ እገሊት ግንባሯ እንዲህ እያለች። እንዳትረሳቸው ነው። ያን ጊዜ ነው አንገቴን መሪው ላይ የደፋሁት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከላይ የአይሱዙ ድምፅ ተሰማ። ቡና የጫነ ነው። ሹፌሩ ናስር የሚባል ወጣት ነው፤ ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ። ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ ፍሬን ረግጠዋል?»

ሃዳ ሌንሳ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ናስር ገመድ አወጣ፣ ባትሪውን ከባትሪው አገናኘ። ፍሬኑን ረገጥኩ። በአንዴ ተነሣች። መኪናዋ ከጅምሩ ምንም አልሆነችም ነበር። ጤነኛ መኪና ላይ ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጥነው።

«ገፍተናት እኮ ነበር» አልኩት፣ ቢያንስ እሱ እንዲገርመው ብዬ።

«ብትገፏት እስከ ጋምቤላ ትሄዳለች እንጂ አትነሣም» አለ። «ፍሪሲዮኑ በኮምፒውተሩ እጅ ነው። ሞተር ካልተነሣ ማርሽ አትይዝም፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ፓምፑ አይሠራም። እንደ ድሮው በጎማ ማስነሣት የለም ጋሼ። በፎሌ ግን አልወረዱም አይደል?»

«እኔ? በጭራሽ!» አልኩ።

«ወርዷል» አለች ሃዳ ሌንሳ።

የቀረውን መንገድ መኪናዋ በፈለገችው ጊዜ ማርሿን እየቀየረች፣ እኔ እንደ ተሳፋሪ ሄድኩ። መቱ ስንገባ ባጃጆቹ መንገዱን ሞልተውታል። ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። አንዲት ነርስ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሃዳ ሌንሳ መሐረቡን ፈትታ ካርዷን ዘረጋችላት።

ነርሷ መዝገቡን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች። «እናቴ፣ ስምዎን ሦስት ጊዜ ጠርተናል» አለች። «ለመጨረሻ የጠራነው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ተጠባባቂ ገብቷል። የሕክምና ዕቃው ራሱ በሰው ቁጥር ነው የመጣው።»

ቆቤን አወለቅኩ። የሹፌርነት ቆቤን ለሰው አውልቄ አላውቅም። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ከሌሊት ጀምራ ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ነኝ... ማርሹ... ፍሬኑን...» እንዴት ብዬ ልንገራት? ነርሷም እንባ ቀረሽ ሆነች፤ ገብታ ሐኪሞቹን ጠይቃ ወጣች፤ ራሷን ነቀነቀች።

ሃዳ ሌንሳ ካርዱን መልሳ ጠቀለለችው። «በእኔ ቦታ ማን ገባ?» አለች።

«ከሁሩሙ የመጡ እናት ናቸው። ከትናንት ጀምሮ በር ላይ ነበሩ።»

«እሰይ። ዓይኗን ይግለጥላት።»

ከዚያ «ቁጭ እንበል» አለችኝ። ያቺ ሴት እስክትወጣ ጠበቅን። ዓይኗን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ልጇ ክንዷን ይዛ ስታወጣት፣ ሃዳ ሌንሳ በድምፅ ተከትላ ሄዳ እጇን ያዘቻት፤ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቀቻት። ሁለት የማይተያዩ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው ሲሳሳቁ እኔ ቆቤን በእጄ እያሸሁ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያይ ዓይን ይዤ ምንም የማልረባ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስልካችን አልሠራ ሲለው ገመቹ በሞተር ብስክሌት ተሳፍሮ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠሁት።

«ጠዋት በሩ ላይ አፍህን ከፍተህ ዘጋኸው። ምን ልትለኝ ነበር?»

«በፎሌ አይውረዱ ልልዎት ነበር፤ የድሮ ሹፌሮች ልማድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልከኝም?»

መሬት መሬት እያየ «አንዴ ጠይቄዎት ነበር። አባቴ ነዎት፤ ሁለተኛ እንዴት እናገራለሁ?» አለኝ።

ሐኪሞቹ ዳግም የመጡት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በመሃሉ የሃዳ ሌንሳ ግራ ዓይን ቀላ፤ ታመመ፤ ስንት ሌሊት ግንባሯን በጨርቅ አስራ አደረች። በመጨረሻ መቱ ስንደርስ ሐኪሙ ቀኙን ሠራላት። ግራውን በመብራት አይቶ «ሞራው በስሎ ዓይኑን ጎድቶታል፤ በጊዜው ቢሆን ኖሮ...» አለና ፊቴን ሲያይ አቆመ። ማቆም ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን እኔ ዐረፍተ ነገሩን ልጨርስለት እችል ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ገጠመኝ የጻፍኩላችሁ ስለ መኪና ላስተምራችሁ አይደለም፤ የሚያስተምር ሰው አለመሆኔን እስካሁን አይታችኋል። ካምቢዮውን ግን አሁን አውቀዋለሁ። ገመቹ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አስተምሮኛል፤ እኔም በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ቀጥል» እያልኩ አንድ በአንድ ሰምቼዋለሁ። ለካ የጠላኝ መስሎኝ የጠላሁት ማሽን እኔ ስሠራ የኖርኩትን ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ያው ፍሪሲዮን፣ ያው ማርሽ። ልዩነቱ፣ እሱ የሚፈልገውን ሲያጣ ጫማ ሥሎ ያሳያል፤ እኔ ግን ተሥሎልኝም፣ ተነግሮኝም አልሰማሁ። መንገድ ዳር ተቀምጬ መጮህም ትቻለሁ። ሰፈሩ ቅር ብሎታል፤ «ጋሼ፣ ምነው ድምፅዎ ጠፋ?» ይሉኛል። ሰው ሲናገር እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ በዕድሜዬ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዱ ሰው ፈጽሞ አይጨርስም። «ዐወቅሁ፣ ገባኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ እውጠዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የጠፋውን አይመልስም። ተለውጫለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ ዋጋውን ራሱ የከፈለ ይመስለዋል፤ የእኔን ግን ሌላ ሰው ናት የከፈለችልኝ።

አሁን መቱ ስንሄድ ገመቹ ይነዳል፤ እኛ ከኋላ እንቀመጣለን። በመጀመሪያው ጊዜ፣ እንድታየኝ ብዬ በቀኟ ልቀመጥ ዞርኩ። «አይሆንም፣ በግራዬ ሁን» አለችኝ።

«በግራሽማ አታዪኝም።»

«አንተን አየሁህ፤ ይበቃኛል። በዚያ በኩል የሚያልፈውን ንገረኝ።»

እናም እነግራታለሁ። ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ሁለት ፍየል፣ የማር ቅል የተሸከመ ሰው፣ ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች። አንዳንዴ ክፋቴ ይነሣብኝና የሌለ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ባለፈው አንድ ሙሉ ዝሆን በባጃጅ አሳፍሬ አሳለፍኩባት። ታውቅብኛለች፤ እስክትንፈቀፈቅ ትስቃለች። ያቺ ግራ ዓይኗ ግን ከሳቁ ጋር አትሄድም። እኔም ከዚያው ወገን ስለምቀመጥ፣ እስክንደርስ ድረስ የማየው እሷኑ ነው።